ትምህርቱ ጥሩ፣ ደረጃው ክፉ፦ አራት ኪሎ ያለው የአዛውንቶች የኢንተርኔት ሥልጠና

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቅዳሜ ጠዋት አዛውንቶችን ስልክና ኢንተርኔት ያስተምራል። ክፍያው በሰዓት 150 ብር ነው፤ ለጡረተኛ ቀላል ባይሆንም አልቆጨኝም።

መምህርቷ ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች። ከሁሉ በፊት የወደድኩላት ስልካችንን ከእጃችን አለመውሰዷን ነው። ቤት ውስጥ ልጆቻችን «አምጪው እማዬ፣ እኔ ላድርግልሽ» ይሉና ነካክተው ይመልሱልናል፤ ደግነታቸው አይካድም፣ እኛ ግን ምንም አንማርበትም። እሷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ «እማማ፣ እርስዎ ይንኩት፤ አይፈነዳም» ትላለች። የእኔ ችግር የታይፕ ጣት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ በኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕ ስጽፍ ስለኖርኩ ስክሪኑን አጥብቄ እጫናለሁ፤ ምልክቶቹም ከቦታቸው እየተነሡ ይጠፉብኛል። አጠገቤ የሚቀመጡት እናት «የምጣድ ሙቀት እንደምንለካው ነው፤ ነካ አድርጎ መተው» ሲሉኝ ነው የገባኝ። ድሮ ፊደሉን መትተን ቅጥያውን ለብቻ እንጨምር ነበር፤ አሁን «ለ»ን ስነካ ሰባቱም ቤት ይደረደርልኛል። ቅናት ቢጤ ተሰማኝ።

ቤታችን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበተነ፤ አንዱ ለሚ ኩራ፣ ሌላው አቃቂ ቃሊቲ። ቡና የሚያጣጣኝ ጠፍቶ ከራዲዮ ጋር ብቻ ውዬ የማመሽበት ጊዜ ነበር። አሁን የዕድራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አለሁ። ማን እንደታመመ፣ ልቅሶው የት እንደሆነ በዕለቱ እሰማለሁ፤ ቀድሞ አንዳንዱን ሞት የምሰማው አርባው ካለፈ በኋላ ነበር። ቤይሩት ያለችው ልጄ በስልክ «ደኅና ነኝ» ስትለኝ አምኜ እዘጋ ነበር፤ አሁን በኢሞ ፊቷን እያየሁ አጥብቄ እጠይቃታለሁ። ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ሂሳብ ለመክፈል ሰው ስለምን ኖሬ፣ ዛሬ ራሴ እከፍላለሁ። እንቅልፌም የተመለሰው ከዚህ ወዲህ ነው።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። የምሥጢር ቁጥር «ከድርጅቱ ነኝ» ለሚል ሰው እንኳ እንደማይሰጥ የተነገረን በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ይህ መቅደም ነበረበት። ዩቲዩብ ላይ ስላሉ መድኃኒት ነን ባዮች ደግሞ ጭራሽ አልተነሣም፤ ከመካከላችን አንድ አባት «ስኳርን በሳምንት የሚያጠፋ» ቅጠል አይተው ክኒናቸውን ሊያቆሙ ትንሽ ነበር የቀራቸው። የሚታደለው ወረቀት ፊደሉ የጉንዳን ዓይን ያህላል።

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የአዛውንት ትምህርት እዚያ ላይ የሰቀለው ሰው ጉልበቱን አሞት አያውቅም። ምድር ላይ ያለውን ክፍል የያዙት ወጣቶች ናቸው፤ እንዲለዋውጡን ጠይቀን ገና መልስ አላገኘንም። መነጽራችሁን፣ ቻርጀራችሁንና ለደረጃው የሚደግፋችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።