ለልጄ የሬቲና ሐኪም፣ ከልብ አመሰግናለሁ

ልጄ ስትወለድ ጀምሮ ግንባሯና የግራ ዓይኗ ቆብ ላይ ቀይ ምልክት አላት። ማርያም የሳመቻት ነው ብለን ተውነው። 7 ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ስትጫወት «እማዬ፣ ፊትሽ የለም» አለችኝ። ክው አልኩ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ መነጽር አዘው ሸኙን። 2 ወር ባከነ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ እኚህን የሬቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ስፔሻሊስት አገኘን። ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ አድርገው አዩዋት፣ አልትራሳውንድም አነሷት። ከዚያ ወረቀት አውጥተው ሳሉልኝ። ከሬቲናዋ ሥር ባለው የደም ስር ሽፋን ላይ የተንሰራፋ ዕጢ አለ። ካንሰር አይደለም። ግን ፈሳሽ እያመነጨ ሬቲናዋን ከቦታው አላቅቆታል። ሬቲናው ስላልተቀደደ የሚያስፈልገው ምንጩን ማድረቅ ነው። ቀይ ምልክቱንም የዓይኗን ዕጢም ያመጣው ችግር ስተርጅ ዌበር እንደሚባልና ከእናት ከአባት እንደማይወረስ ነገሩኝ። ያለቀስኩት ያኔ ነው። ለካ ስንት ጊዜ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ።

አማራጮቹን አንድ በአንድ አስረዱኝ። ፕሮፕራኖሎል የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ የልብ ምትና የደም ስኳር መከታተል ይጠይቃል። አነስተኛ መጠን ያለው ጨረርም ይሠራል፤ ግን ኋላ የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ለእሷ የመረጡት ፎቶዳይናሚክ ቴራፒ ነው። በማደንዘዣ ተኝታ ቨርቴፖርፊን የሚባል መድኃኒት በደም ስሯ ተሰጣት፣ ከዚያ ዕጢው ላይ ልዩ ብርሃን አበሩበት። አንዱ ቦታ ላይ 83 ሰከንድ ብቻ! ሕክምናው ሳይጀመር መመርመሪያ ሌንሱን እጇ ላይ አስቀምጠው «ዓይንሽን የማየው በዚህ ነው» አሏት። ፍርሃቷ እዚያው ለቀቃት።

መድኃኒቱ ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ስለሚያደርግ 5 ቀን መጋረጃ ዘግተን ተቀመጥን። ፈሳሹ ባንዴ አልሄደም፤ ወራት ፈጀ። ሐኪማችንም ከመጀመሪያው «ቃል አልገባልሽም» ብለውኝ ነበር። አሁን ሬቲናዋ ቦታው ተመልሷል። ዕይታዋ ሙሉ አይደለም። ሰነፉ ዓይን እንዲሠራ ጤነኛውን በቀን 2 ሰዓት እንሸፍናለን። ባለፈው ሳምንት እንደተሸፈነች «ጉትቻ አድርገሻል!» አለችኝ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ግንባሩ ወይም የዓይኑ ቆብ ላይ እንዲህ ያለ ቀይ ምልክት ካለው ምንም ባይልም ለዓይን ሐኪም አሳዩት። የዓይን ግፊቱንም አስለኩለት፤ ግላኮማ (የዕይታ ነርቭን የሚጎዳ የዓይን ሕመም) አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ሐኪማችን ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።