ቻርጅ ላድርገው ስል የጣልኩትን መጽሐፍ የሚመልስብኝ ኢ-ሪደር

ይህን ኢ-ሪደር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ የገዛሁት ለስክሪኑ አይደለም። ስክሪኑ ጥሩ ነው፣ ዓይን አያደክምም፣ ባትሪውም ሳምንታት ይቆያል። የገዛሁት ማሸጊያው ላይ በትልቁ ለተጻፈው ነገር ነው፦ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ መላው የመጽሐፍ ላይብረሪ ራሱ ይገባል። የቱን ልኬ የቱን ረሳሁ ብሎ ነገር የለም። ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

አንድ መጽሐፍ እጀምራለሁ። አይጥመኝም፣ እዚያው ኢ-ሪደሩ ላይ አጠፋዋለሁ። ባትሪው ሲደክም ላፕቶፑ ላይ እሰካዋለሁ። ነቅዬ ስከፍተው ያ መጽሐፍ ዝርዝሩ አናት ላይ "አዲስ" ተብሎ ጉብ ብሏል። ደግሜ አጠፋዋለሁ፤ ደግሞ ይመጣል። አንብቤ የጨረስኳቸውም እንደዚሁ። ሸኝተውት በጓሮ በር ተመልሶ የሚገባ እንግዳ በሉት።

ነገሩ የሚሆነው ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ መጻሕፍቱን የሚልከው የአምራቹ ፕሮግራም ምንም ስለማያስታውስ ነው። ገመዱ ሲሰካ የሚያየው ሁለት ዝርዝር ብቻ ነው፦ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውንና ኢ-ሪደሩ ላይ ያለውን። አንድ መጽሐፍ እዚህ ኖሮ እዚያ ከሌለ፣ ወይ ገና አልተላከም፣ ወይ ባለቤቱ አውቆ አጥፍቶታል። የቱ እንደሆነ ለመለየት ባለፈው ጊዜ ምን እንደነበረ የሚይዝ ሦስተኛ መዝገብ ያስፈልጋል። እንደ ዩኒሰን ያሉ የፋይል ማመሳሰያ ፕሮግራሞች ይህን መዝገብ ይይዛሉ። የኔው አይይዝም። ለእሱ ሁሌም ትክክሉ ኮምፒውተሩ ነው።

ይሄ እንኳ ይሁን። ከአንድ አፕዴት በኋላ ግን "ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርግ" የሚል ሴቲንግ ራሱ በርቶ መጣ። የኔ ኢ-ሪደር የቆምኩበትን ገጽና ያሰመርኩበትን የሚያስቀምጠው መጽሐፉ ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ በሚፈጥራት ትንሽ ፎልደር ውስጥ ነው። የአማዞኑ ኪንድልና ኬኦሪደር የተባለው የማንበቢያ ፕሮግራምም እንዲሁ ያደርጋሉ። ያቺ ፎልደር ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የለችም። ፕሮግራሙ "እዚያ የሌለ እዚህ ምን ይሠራል?" ብሎ ጠረጋት። መጻሕፍቱ ሁሉም አሉ። ያሰመርኩት፣ ዳር ላይ የጻፍኩት፣ የቆምኩበት ገጽ ግን ሙልጭ ብሎ ጠፋ። መጽሐፍ ቢጠፋ መልሼ አወርዳለሁ። ያሰመርኩትን ከየት ላውርድ?

ሻጩ የሚለኝን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። "አውቶማቲኩን ማጥፋት ይችላሉ እኮ!" እችላለሁ። ታዲያ ለምን ገዛሁት? ያለ እሱማ ረከስ ያለውም ሞዴል ያነባል። "እንግዲያው ያነበቡትን ከኮምፒውተሩም ያጥፉት።" ላይብረሪ እኮ ያነበቡትንም የሚያስቀምጡበት ነው ወንድሜ! "ሁሉም መጽሐፍ ሁሌ ከእርስዎ ጋር ይሆናል።" ሁሉም ምን ያደርግልኛል? በአንድ ጊዜ የማነበው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ብዙ መጽሐፍ አንድ ላይ ሲገባ ደግሞ ኢ-ሪደሩ ለፍለጋ እንዲመቸው እያንዳንዱን ሲመዘግብ ይቆያል። ያን ሰሞን በባትሪው መኩራራት የለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቻርጅ የሚደረግበትና ፋይል የሚገባበት ቀዳዳ አንድ መሆኑን ማንም ያሰበበት አለመምሰሉ ነው። ባትሪ ልሙላ ስል ላይብረሪዬ ይታመሳል። በዚያ ላይ እንደ ፍላሽ ዲስክ ስለሚከፈት ገመዱ ላይ እያለ ማንበብ አይቻልም። ይህ እንኳ ምክንያት አለው፤ ሁለት መሣሪያዎች ያንኑ ዲስክ እኩል ቢጽፉበት ፋይሉ ይበላሻል። ቻርጅ ብቻ ለፈለገ ሰው ግን ምክንያቱ ምን ይጠቅመዋል?

አሁን ካሊበር ወደሚባል የመጽሐፍ ማደራጃ ፕሮግራም ዞሬአለሁ። ነፃ ነው። ኮቪድ ጎያል የተባለ ሰው የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሶኒ ኢ-ሪደር ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሲስተም ላይ አልሠራ ስላለው። በአምራቹ ፕሮግራም የተማረረው እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው። መልኩ አያምርም፣ በተኑም ብዙ ነው። ግን የትኛው መጽሐፍ ኢ-ሪደሩ ላይ እንዳለ በምልክት ያሳየኛል፣ የሚላከውን የምመርጠው ራሴ ነኝ። ሲሰካ ራሱ እንዲልክ የፈቀድኩለት ያወረደውን ዜና ብቻ ነው። የድሮ ዜና ቢመለስ ማን ይጎዳል?

ለቻርጁም መላ አገኘሁ። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ፤ ሁለቱ ለኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ ለዳታ። የዳታዎቹ የሌሉት፣ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ርካሽ ገመድ ይሸጣል። ብዙ የከፈልኩበትን ቴክኖሎጂ ሁለት ሽቦ በጎደለው ገመድ አፉን አስያዝኩት።

ልሽጠው? ያሰመርኩት የጠፋ ሰሞን ቢሆን አዎ እል ነበር። ዛሬ አልሸጠውም፤ ማታ ማታ ከስልክ ስክሪን ይሻለኛል። በማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ነገር ግን ለማንም ግዛው አልልም። ልትገዙ ከሆነ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ እዚህ ያጠፋሁትን ሲሰካ ያስታውሳል? "ሁሉም ነገር ራሱ..." ብሎ ከጀመረ፣ ረከስ ያለውን ሞዴል እንዲያሳያችሁ ንገሩት።