ሦስት የድሮ ጌም፣ አንድ ሪሲቨር፣ አንድ ቲቪ

ነገር ላሳጥር፦ ኤቪ ስዊች (ብዙ ዕቃ በአንድ የቲቪ መግቢያ እያፈራረቀ የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) የምትገዙ ከሆነ መብራት የማይፈልገውን፣ በጣት የሚጫኑትን ውሰዱ። ባህር ዳር ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ አይታየኝም።

እኔ ባለ አራት መግቢያ ነው ያለኝ። ሴጋ ሜጋ ድራይቭ፣ ኒንቴንዶ 64፣ ፕሌይስቴሽን 2 እና የዲሽ ሪሲቨሩ ተሰክተውበታል። ፕሌይስቴሽን 1ን ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት፤ 2 አብዛኛውን የ1 ሲዲ ስለሚያጫውት ለእሱ አምስተኛ መግቢያ አላስፈለገኝም። ቲቪው ሆዳሙ የድሮው ነው፣ የኤቪ መግቢያውም አንድ ብቻ። ስዊቹን ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገዛሁት፤ ዋጋው ከአንድ ደህና ጆይስቲክ አይበልጥም።

አሠራሩ ጣጣ የለውም። አንዱን ቁልፍ ስትጫኑ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ቀድሞ የነበረው ይነሳል። ቢጫው ምስሉን፣ ነጩ የግራውን፣ ቀዩ የቀኙን ድምፅ ይዘው አብረው ይሻገራሉ። ውስጡ ሽቦና መነካኪያ ብቻ ስለሆነ ምስሉን አያዘገይም። በራሱ የሚመርጥ ዓይነትም አለ፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል፣ እና መብራት ሄደ መጣ በሚልበት ከተማ ሌላ የሚቃጠል ዕቃ መጨመር ምን ይሉታል?

እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ሴጋ እየተጫወትኩ ፕሌይስቴሽኑ ከበራ፣ ጨለማ ቦታ ላይ የዚያኛው ምስል እንደ ጥላ ስስ ብሎ ያልፋል። ርካሽ ስዊች ውስጥ ገመዶቹ ተጠጋግተው ስለሚሄዱ ምስሉ ይደባለቃል። የማትጫወቱበትን አጥፉት፣ በቃ። ቁልፉ በግማሽ ከተጫነ ደግሞ ምስሉ ይንቀጠቀጣል ወይ ድምፁ በአንድ ወገን ብቻ ይመጣል። ቤታችሁ ጣና ዳር ከሆነ በክረምት እርጥበቱ መነካኪያውን ስለሚያበላሸው፣ አልፎ አልፎ ቁልፎቹን እያፈራረቃችሁ ደጋግማችሁ ተጫኗቸው።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነባችሁ ስዊቹን አትውቀሱት። ኤንቲኤስሲና ፓል የተለያዩ የቲቪ ምስል ሥርዓቶች ናቸው፤ የኤንቲኤስሲ ጌም ፓል ብቻ የሚያውቅ ቲቪ ላይ ሲሰካ ቀለም ያጣል። ይኼ የቲቪው ጉዳይ ነው።

ሻጩ መጀመሪያ ኤችዲኤምአይ (የፍላት ቲቪ ገመድ) ስዊች ሊያስይዘኝ ነበር። እሱ እኮ ቢጫ ገመድ አይቀበልም! ፍላት ቲቪ ያላችሁና ኤቪ የሌለው ከሆነ፣ ሁሉንም መጀመሪያ ኤቪ ስዊቹ ላይ ሰብስቡና ከመውጫው በኋላ ኤቪን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አንድ ኮንቨርተር አድርጉ፤ ለየጌሙ አንዳንድ እየገዛችሁ ብር አትከስክሱ። ርካሹ ኮንቨርተር ግን ትንሽ ያዘገያል፣ ኳስና ድብድብ ላይ ያናድዳል።

አንዳንዱ ስዊች የኤስ-ቪዲዮ (ከቢጫው የተለየ የምስል ገመድ) ቀዳዳም አለው። ቲቪው ኤስ-ቪዲዮ ከሌለው ጌጥ ነው፣ ወደ ቢጫው አይቀይረውም።

ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አራቱንም መግቢያ አስሞክሩ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሦስተኛው ላይ የግራ ድምፅ አልነበረውም፤ ሰውዬው ግን ሳያንገራግር ሌላ አወጣልኝ።