ባለባትሪ ኢምፓክት ለኩሽኔታ ሥራ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ለጊዜው ተዉት። ባለባትሪ ኢምፓክት (ዳዶና ብሎን እየመታ የሚፈታ ማሽን) ሲገዛ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ይሄን ያህል ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ) ይፈታል የሚለውን። እኔ ከወራት በኋላም ይህን መሣሪያ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ከፍ ብሎ የቆመ መኪና ሳይወዛወዝ፣ ሙጭጭ ያለ ዳዶ ይፈታልኛል።

የእኔው 18 ቮልት ነው፤ መጠኑ መካከለኛ፣ ጫፉ ግማሽ ኢንች። የገዛሁት የፊት ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው እንደ ልብ እንዲዞር የሚያደርገውን ቤሪንግ) ለመቀየር ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎማ ማውለቁም፣ የካሊፐር (የፍሬን ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል) ብሎን መፍታቱም በሱ ሆኗል። ሌላ ሳጥን ላይ 20 ቮልት የሚል ካያችሁ አትጓጉ። ሁለቱም ውስጥ በተርታ የተያያዙ 5 ሴሎች ናቸው ያሉት። አንዱ ሴል ሞልቶ ሲወጣ 4 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ሥራ ላይ በአማካይ 3.6። አባዙት፣ 20 እና 18 ይመጣላችኋል። ዕቃው አንድ ነው፤ የሚለየው አጠራሩ ነው።

የኩሽኔታ ሥራ ላይ አስቸጋሪው አክስሉ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ነው። በብዙ መኪኖች ሲገጠም ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ይጠበቃል። እስከ 300 የሚደርስም አለ። የዓመታት ዝገት ደግሞ ከላዩ። በረጅም እጀታ መፍታት ይቻላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 50 ኪሎ ብትጭኑበት 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። ግን ያ ክብደት ዳዶውን ብቻ አይገፋም፤ መኪናውንም ይገፋል። ለዚህ ነው በእጅ ሲሆን ጎማው መሬት እንደያዘ፣ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ዳዶው መላላት ያለበት። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይሄ ራስ ምታት ነው።

ኢምፓክቱ ነገሩን የሚያቀለው በአሠራሩ ነው። ዳዶው እምቢ ሲል ውስጡ ያለው መዶሻ ስፕሪንጉን ጨምቆ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ፍጥነት ይዞ ተመልሶ ይመታል፤ እንዲህ እያለ በደቂቃ ከ2,000 ጊዜ በላይ። ሚስማርን በአውራ ጣት በመግፋትና በመዶሻ በመምታት መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። ምቱ አጭር ስለሆነ እጅ ብዙም አይጠመዘዝም፤ ዝገቱን ግን ይሰነጥቀዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ዳዶው ጠርዙ ታጥፎ ወይም በፒን ተቆልፎ ከሆነ መጀመሪያ ቁልፉን አንሱለት። እሱን ሳያነሱ መምታት የአክስሉን ጥርስ መብላት ነው። ዳዶው ከወጣ በኋላ ደግሞ መኪናውን ጎማው ላይ አታንከባሉት። በብዙዎቹ አዳዲስ ሞዞዎች (ጎማው የሚታሰርበት፣ ኩሽኔታውን የያዘው ክፍል) ላይ ኩሽኔታውን አጥብቆ የሚይዘው ያው ዳዶ ነው።

በወራት ውስጥ የገባኝ ነገር፣ ጉልበቱ ግማሹ ያለው ከማሽኑ ውጪ መሆኑ ነው። በትንሹ ባትሪ ያልተነቃነቀ ዳዶ በትልቁ ባትሪ ወዲያው ይላላል፤ ትልቁ ብዙ ከረንት መልቀቅ ስለሚችል። በማሽኑና በቡሶላው (ዳዶው ላይ የሚገባው ጫፍ) መካከል የሚሰካው ማራዘሚያ ብረትም ጉልበት ይበላል። ብረቱ ራሱ ትንሽ ስለሚጠማዘዝ ምቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ቡሶላውን በቀጥታ ማሽኑ ላይ መሰካት እየተቻለ ማራዘሚያ መጨመር ትርፉ ድካም ነው። ቡሶላው ደግሞ ለኢምፓክት የተሠራው ጥቁሩና ወፍራሙ፣ ስድስት ማዕዘን ያለው ይሁን። የሚያብለጨልጨው የእጅ ቡሶላ በምት ብዛት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጣሪው የሚሄደው ደግሞ ወደ ፊታችሁ ነው። መነጽር አድርጉ።

አሁን የማይችለው። ሞዞውን ከኋላ የያዙት ብሎኖች አክስሉ አጠገብ ተደብቀው ነው ያሉት። ማሽኑ ረጅም ስለሆነ እዚያ አይገባም፤ የእጅ ቁልፍ ይዞ መጋደም ነው። ለነዚህ ብሎኖች የዝገት ዘይት ከማታው ረጭቶ ማሳደር የትኛውም ኢምፓክት የማይተካው ነገር ነው። ብሎኖቹ ወጥተውም ሞዞው ራሱ ከናክሉ (ሞዞው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ጋር በዝገት ተጣብቆ ንቅንቅ ላይል ይችላል። እዚህ ጋ የሚዞር ነገር ስለሌለ ኢምፓክቱ ምንም አይፈይድም። እኔ የማደርገው ብሎኖቹን ጨርሼ ሳላወጣ ጥቂት ዙር አላልቼ፣ ቡሶላና ማራዘሚያ አስደግፌ ጭንቅላታቸውን በመዶሻ በየተራ መምታት ነው። የድሮው ሞዞ የሚጣል ስለሆነ አያሳሳም። ናክሉ አሉሚኒየም ከሆነ ሙቀትም ይረዳል፤ አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ይሰፋል። የጎማውን ፍጥነት የሚለካውን የኤቢኤስ ሴንሰርና ጎማ ነክ ነገሮችን ግን አስቀድሙና አርቁ። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ በረጫችሁበት ቦታ ደግሞ እሳት አታምጡ። አንዳንዱ ይቀጣጠላል፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲግል መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ዲስኩን የያዘችው ትንሿ ብሎንም የዚህ ማሽን ሥራ አይደለችም። ለሷ በመዶሻ የሚመታው የእጅ ኢምፓክት ይሻላል፤ ዋጋውም ከዚህኛው በጣም ያነሰ ነው።

መልሶ ማጥበቅስ? ዳዶው እስኪይዝ ድረስ በዝቅተኛው ፍጥነት እጠቀምበታለሁ፤ ከዚያ ቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ የእጅ ቁልፍ)። የአክስል ዳዶ በግምት አይጠበቅም፤ ቢላላም ከልክ በላይ ቢጠብቅም አዲሱን ኩሽኔታ ይገድለዋል። ጠርዙ የሚታጠፍ ወይም ናይለን ያለበት ዳዶ ከሆነ ደግሞ አዲስ ነው የሚገባው።

ከወራት በኋላ ማሽኑ እንዴት ነው? ሞተሩ እንደ አዲስ ነው። ጫፉ ላይ ቡሶላውን የሚይዘው ቀለበት ግን ላልቷል፤ ማሽኑን ወደ ታች ሳዘነብል ቡሶላው ይወድቃል። ቀለበቱ የሚቀየር ነው፤ ቢሆንም ቶሎ መላላቱ አላስደሰተኝም። ዳዶው እንደላላ በራሱ የሚቆምበት ሞድ ደግሞ መጀመሪያ ጌጥ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ያለሱ አልፈታም፤ ዳዶ ተስፈንጥሮ ከመኪና ሥር መፈለግ ቀርቷል። ድምፁ ግን አይቻልም። ግድግዳ ባለበት ቦታ የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው።

አንድ ኩሽኔታ ቀይሮ ለሚያበቃ ሰው ረጅም እጀታና አንድ ረዳት ይበቃዋል፤ የኢምፓክቱ ወጪ አያዋጣውም። መኪናውን ራሱ ለሚሠራ፣ በተለይ ብቻውን ለሚሠራ፣ እኔ ግዛው ነው የምለው። ከዋናው ማሽን በፊት ግን በትልቁ ባትሪ ላይ አትቆጥቡ።