ጥንድ የሺኗዝሪ አባዡሮች፦ ከዓመት በላይ አብረን ኖረን

ከፓሪስ በስተሰሜን ካለው የሴንት ኡዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛኋቸው ጥንድ የሺኗዝሪ (አውሮፓውያን የቻይናን ጥበብ አስመስለው የሠሩበት ስልት) አባዡሮች ሳሎናችን ከገቡ ዓመት አልፏቸዋል። ሆዳቸው ፖርሴሊን፣ ማለትም ነጭ ጥሩ ሸክላ ነው፤ በነጭ መደብ ላይ ጃንጥላ የያዙ ወይዛዝርት፣ ወፎችና ድልድዮች ተሥለውበታል። ሠዓሊው ቻይናን በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ የሴቶቹ ፊት የፈረንሳይ ነው። እግራቸው፣ እጀታቸውና አንገታቸው ወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው። ድሮ በላምባ ይበሩ ነበር፤ ኤሌክትሪክ የገባላቸው ኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ለማንበቢያ አይሆኑም። የሐር ቆባቸው ብርሃኑን ግማሹን ይውጠዋል። ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጥ ባለ 2700 ኬልቪን ኤልኢዲ አምፖል ከገባላቸው ወዲህ ግን ሐሩ አይግልም፣ ወርቁም ሲመሽ ደስ የሚል ቀለም ያወጣል። በጨርቅ የተሸፈነው አሮጌ ገመድ ስለተፈረፈረ በባለሙያ አስቀይሬዋለሁ፤ ነሐስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና የመሬት ሽቦም ተጨምሮለታል። ገመዱ የሚወጣው የላምባው ማጠራቀሚያ በነበረበት በኩል ስለሆነ ሸክላው አልተበሳም። ሥሩ በመሰርሰሪያ የተበሳ ካጋጠማችሁ ዋጋውን በደንብ ተከራከሩ።

ሰው ሁሉ ሥዕሉን ያደንቃል፤ እኔ ግን በቆየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ነሐሱ ነው። በጥንቱ አሠራር ወርቅ ከሜርኩሪ ጋር ተለውሶ ነሐሱ ላይ ይቀባና በእሳት ይጋላል፤ ሜርኩሪው ተኖ ወርቁ ይቀራል። ትነቱ የብዙ አንጥረኞችን ጤና በልቷል። እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሪክ መለበጥ ተስፋፋ፤ ስስና ወጥ የሆነ ብልጭታ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። የእኔዎቹ የነሐስ ቅጠል ጌጦች ግን ጫፋቸው ይብለጨለጫል፣ ጎድጓዳቸው ደግሞ ፈዘዝ ይላል። የገዛኋቸውም ለዚህ ነው።

አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ «ምነው ልጄ፣ በሎሚና በአመድ ብታሸው እኮ እንደ አዲስ ይሆን ነበር» አለችኝ። እሷ ለናስ ዕቃ ነው የምታውቀው፤ እዚህ ላይ ግን አሲዱና ሻካራው አመድ ወርቁን ይልጡታል። የነሐስ ማጽጃ ክሬምም እንደዚያው ነው። እኔ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፋለሁ፣ ሌላ ምንም አልነካውም።

ቦታ ስትቀይሩላቸው በእጀታው አታንሱ። እጀታው ለጌጥ በብሎን የታሰረ እንጂ ክብደት የሚሸከም አይደለም። ቆቡን አውልቁ፣ አንድ እጅ ከእግሩ ሥር፣ ሌላውን ሆዱ ላይ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ለመሸከም አትሞክሩ።