ሀዋሳ ውስጥ አሮጌ ሞተር ያላችሁ፣ እኚህን ሰው እወቋቸው

ይህ ምስጋና ነው። ጥቆማም ነው። የማመሰግናቸው አቶቴ አካባቢ ትንሽ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ያላቸውን ሰው ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሰው ከበዛ ሥራ ይበላሻል» ነው ምክንያታቸው። ስለዚህ እንደ ሰፈሩ ሰው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ያደሱልኝ ሞተር ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ገጠር የሠራ ሰው ያውቃታል። ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በሽፋን የተዘጋ ነው። ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራች 97 ሲሲ ናት። አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያገለገሉ ንብረቶችን በጨረታ ሲሸጥ እሷን ገዛ። ለተወሰኑ ዓመታት ነዳት። ጉልበቱን ሲያመው ግን ጓሮ ያለው መጋዘን ውስጥ ገባች፤ በዚያው ቀረች። መቀመጫዋን ዶሮዎች ወረሱት።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁልፍ የምይዘው የቤት በር ለመክፈት ነው። መንጃ ፈቃዱ አለኝ፤ ስለ ሞተር ውስጥ ግን ምንም አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የወሰድኳት ወደ ሌላ ጋራዥ ነው። መካኒኩ እንደቆመ አያት። መርገጫዋን አንዴ በእግሩ ሲጫናት አልወርድ አለችው። «ይቺማ ነክሳለች። ፒስቶኑም ሲሊንደሩም ይቀየራል። ከምትደክሚ ሽጫትና ቦክሰር ግዢ» አለኝ። ነክሳለች ማለት ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ግሎ ተጣብቋል ማለት ነው። የነገረኝ ዋጋ ራሱ ቦክሰር ለመግዛት ግማሽ መንገድ የሚያደርስ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት ወደ ጋሼ የላከችኝ።

ጋሼ ሞተሯን ከመንካታቸው በፊት ሊብሬዋን ጠየቁ። የሻንሲ ቁጥሯን በጨርቅ ጠረጉ፤ የሞተር ቁጥሯን በሽቦ ብሩሽ አጸዱ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አመሳከሩ። «ቁጥሩ ካልገጠመ አንድ ቡሎን አልፈታም» አሉኝ። ልክ ናቸው። አሮጌ ሞተር ገዝቶ፣ ብሩን አፍስሶ ካሳመረ በኋላ ስም ማዞር ላይ የሚቀር ሰው አለ። ከእርዳታ ድርጅት የወጣች ከሆነች ደግሞ ከቀረጥ ነፃ ገብታ ሊሆን ይችላል። ቀረጧ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ጣጣው ብዙ ነው። ደግነቱ አባቴ ወረቀት አይጥልም። የጨረታውን ደረሰኝ ሳይቀር ፋይል ውስጥ አስቀምጦት ነበር።

ከዚያ ካንዴላዋን ፈቱ። በቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉና «ትደር» አሉ። በቃ። አልረገጧትም፣ አልታገሏትም። በማግስቱም ትንሽ ጨመሩላት። ሲበቃት ማርሽ አስገብተው የኋላ ጎማዋን በእጃቸው ወደፊትና ወደኋላ ቀስ አድርገው አወዛወዙ። ዞረች! ነክሳለች የተባለችው ሞተር ለካ ደርቃ ነው። ቴስታታዋን፣ ማለትም የሲሊንደሯን ክዳን፣ ከፍተው የሲሊንደሩን ግድግዳ በባትሪ አሳዩኝ። ጭረት የለውም። በመለኪያ ለኩትና «ፋሻ ብቻ ይበቃታል» አሉ። ፋሻ ፒስቶኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት ነው።

እኚህን ሰው እንድታውቋቸው የምፈልገው ለዚህ ነው። ሳያዩ አይፈርዱም፤ የማያስፈልገውን አይቀይሩም። ጭረት ቢኖር እንኳ ሲሊንደሩ አይጣልም ነበር። ሪቲፊካ ይደረግና፣ ማለትም በማሽን በትንሹ ይሰፋና፣ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ፒስቶን ይገባለታል። ይህንንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ገንዘብ የሚያስገኝላቸው ሥራ እንደሌለ እየነገሩኝ መሆኑን ልብ በሉ።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን ነበራቸው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣሽ አብረሽኝ ትሠሪያለሽ። አሮጌ ሞተር የሚይዝ ሰው ራሱ ካላወቀ በየመንገዱ ይቸገራል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቱታ አውጥተው ሰጡኝ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ መፍታት አይደለም፤ የፈታሁትን ማስቀመጥ ነው። የሞተር ክዳን ሲከፈት የቡሎኖቹ ርዝመት ይለያያል። ረጅሙን ባጭሩ ቦታ ካስገባችሁት ክሩን ይበላዋል፣ ወይም አሉሚኒየሙን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ የክዳኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ሥዬ፣ እያንዳንዱን ቡሎን በየቦታው እወጋ ነበር። እስካሁን ድረስ ያ ካርቶን ጠረጴዛዬ ሥር አለ።

ሰልባቲዮዋ፣ ማለትም የቤንዚን ጋኗ፣ ውስጡ ዝጎ ቀይ ሆኖ ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን ቀዶ መበየድ ነው። ጋሼ አቼቶ አስገዙኝ። አቼቶውንና አንድ ጭብጥ አሮጌ ዳዶ ጨምረን፣ ደፍነን፣ እያገላበጥን አራገፍናት። እጄ ዛለ። የወጣው ፈሳሽ የሻይ ቀለም ነበረው። ከዚያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ታጠበች፤ ፀሐይ ላይ ደረቀች፤ ወዲያው ዘይት በውስጧ ተንሸራሸረ። ሳይውል ሳያድር ዘይት ካልነካት ንጹሕ ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራቶር ለብቻው አንድ ከሰዓት በላብን። የቆየ ቤንዚን ሲተን ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ ያ ሙጫ በጣም ቀጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሳትነሳ የምትቀር ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ችግሯ እዚያ ነው። እኔ መርፌ ላመጣ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ቀዳዳዎቹ ናስ ናቸው፤ ብረት ከገባባቸው ይሰፋሉ። ከሰፉ ሞተሯ ከመጠን በላይ ቤንዚን ትጠጣለች። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዘው ሰጡኝ። በእሷ አጽድቼ፣ ወደ ብርሃን አንስቼ፣ ጥርት ያለ ክብ ብርሃን እስካይ ድረስ መድገም ነበር ሥራዬ።

አሁን የዘይቱን ነገር ልንገራችሁ፤ ቱ ስትሮክ ለያዘ ሰው ይህ ከሁሉም ይበልጣል። የዚህች ሞተር ፒስቶን የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባ ዘይት ነው፤ አብሮ ገብቶ አብሮ ይቃጠላል። ያማሃ አውቶሉብ የሚባል ትንሽ ፓምፕ ገጥሞላታል። ፓምፑ ለብቻው ካለ ማጠራቀሚያ ዘይት እየሳበ ራሱ ይመጥናል። ነገር ግን ሞተር ለዓመታት ሲቆም ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። ማጠራቀሚያው ሙሉ ነው ብላችሁ ትነዳላችሁ፤ ፓምፑ ግን የሚገፋው አየር ነው። ያኔ እውነተኛው መንከስ ይመጣል። ስለዚህ ጋሼ ፓምፑን አላመኑትም። በየሊትሩ ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት በጠርሙስ ለክተን በጥብጠን ሞላን። ፓምፑን አየሩን አስወጥተን፣ ዘይቱ አረፋ ሳይኖረው በቱቦው ሲሄድ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ብቻ ነው ወደ ንጹሕ ቤንዚን የተመለስነው።

ተነሳች። ስትነሳ ግን ጋራዡ በነጭ ጭስ ተሞላ። ጎረቤት ያለው የጎማ ሠሪ ልጅ «እሳት ነው?» ብሎ ሮጦ መጣ። እዚያ የነበረ አንድ ደንበኛ «ፒስቶን ነው፣ አልነገርኳችሁም?» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። ጋሼ ግን አጎንብሰው ጭሱን አሸተቱ። «ነይ አሽትቺው። ይሄ የካምቢዮ ዘይት ነው» አሉኝ። እኔ እንኳ ጭስ ጭስ ነው የሸተተኝ።

አጥፍተን የካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት አፈሰስን። ስንሞላ ለክተን ስለነበር የወጣውን ስንለካ ጎደለ። በውጭ በኩል አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። እንግዲህ የት ሄደ? በፍሪሲዮን በኩል ያለው ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ በዕድሜ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ጠንክሯል። ሞተሯ በመጠጠች ቁጥር የካምቢዮውን ዘይት እየሳበች ታቃጥላለች። ፒስቶኑ ምንም አላጠፋም። ጋሼ በሌላው ጎን ያለውንም አብረው ቀየሩት፤ እሱ ቢያፈስ የሚገባው አየር ነውና። አየር ከበዛ ሞተሯ ትግላለች፤ ጭስ ስለማይኖረው ደግሞ ሳታውቁት ነው የሚገድላት።

ችግሩ የያማሃ ዕቃ እዚህ እንደ ቦክሰር በየሱቁ አለመኖሩ ነው። ጋሼ ግን «ያማሃ ሞተር ነው የሚሠራው፤ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ በልክ ነው የሚሸጠው» ይላሉ። ላያቸው ላይ ቁጥር አለ። ኩሽኔታ 6204 የሚል ከሆነ፣ የትም ፋብሪካ ይሥራው፣ ውስጡ 20፣ ውጪው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ጽፌ፣ አሮጌውን ይዤ የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ዞርኩ። ፓራኦሊዮዎቹን እዚሁ አገኘሁ። ፋሻውን ግን አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያለ ዘመዴ ነው ፈልጎ የላከልኝ። (የአዲስ አበባ ልጆች፣ እናንተ ጋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ በሞተር ላይ ገደብ አለ። እንደኔ ሞተር ለመቀስቀስ ካሰባችሁ ፈቃዱን አስቀድማችሁ አጣሩ።)

ከዚያ በኋላም ጉልበት አነሳት። ዳገት ላይ ትለምናለች። ይሄኛው ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ነበር። ቱ ስትሮክ ዘይት ስለሚያቃጥል ጥቀርሻው ማርሚታ ውስጥ ይጋገራል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ሞተሯ ትታፈናለች። የውስጡን ቱቦ አውጥተን ፍቀን መለስነው። ሌላ ሞተር የሆነች ነው የመሰለኝ።

የቀረውን ባጭሩ፦ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀው ስለነበር ከነካላማዳሪያቸው ተቀየሩ። የፍሬን ሸራዎቹ በብርጭቆ ወረቀት ተፈቅፍቀው ዳኑ። ካቴናዋ ለሽፋኑ ምስጋና ይግባውና ሰላም ነበረች። መቀመጫዋን ሌላ ባለሙያ ሸፈነልኝ። ቀለም አላስቀባኋትም፤ የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ጎኗ ላይ ደብዝዞ ይታያል፤ አባቴም እንዳይጠፋ ብሏል።

ስለ ገንዘብ። ጋሼ የእጅ ዋጋቸውን ከመጀመራቸው በፊት ይነግሯችኋል፤ ከዚያ አይጨምሩም። ዕቃ ራሳችሁ ግዙ ይላሉ። እሳቸው ከገዙም ደረሰኝ ያመጣሉ። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ በሙሉ በፌስታል ታስሮ ይሰጣችኋል። ጠቅላላ ያወጣሁት፣ ጎማውንም ጨምሮ፣ ያኛው ጋራዥ ከጠየቀኝ ግማሽ አይሞላም።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፤ አለዚያ ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም። ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። በጣም ይቆያሉ። ስልክ አያነሱም፤ ቢያነሱም «ና» ወይም «ነይ» ብለው ይዘጋሉ። ሥራቸው ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ያናድዳቸዋል፤ ያን የፒስቶን አዋቂ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። የመብራት ሥራ ላይ ብዙም አይደፍሩም፤ ለፍሬቻዬና ለክላክሴ ሌላ ኤሌትሪሺያን ነው የጠሩት፤ እሱ ደግሞ ሁለቴ ቀጠሮ አፍርሶብኛል። ኮምፒውተር ያላቸውን አዳዲስ ሞተሮች ይዛችሁ አትሂዱ። «እሱን ለልጆቹ ተዪው» ነው የሚሉት። ለአሮጌ ያማሃ፣ ሆንዳና ሱዙኪ ግን ከእሳቸው የተሻለ አላየሁም።

ከጋሼ ጋር ለሚሠራው ልጅም ምስጋና አለኝ። አንድም ቀን «ሴት ልጅ ይሄን ምን ያደርግላታል» አላለም። ዳዶ አልፈታ ሲለኝ ከእጄ አልነጠቀኝም። ቧንቧ አምጥቶ ቁልፉ ላይ ሰክቶ፣ «አሁን ጫኚው» ነበር ያለኝ። ሲሊንደሩ ሲከፈት የጓርኒሲዮኑን (በክዳኑ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ቅሪት በምላጭ ቀስ አድርጎ መፋቅ ያስተማረኝም እሱ ነው።

ቴክኒክ ምርመራውን አልፋ ቦሎ ለጥፋለች። ጠዋት ወደ ሥራ የምሄደው በእሷ ነው። አባቴ ከኋላ ተቀምጦ እስከ አሞራ ገደል ሄደናል፤ ማርሽ ስቀይር በየመሃሉ እየነቀፈኝ።

ጋሼን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ። ሊብሬ ያዙ። ሞተራችሁን አስነስታችሁ ለመውሰድ አትታገሉ፤ ገፍታችሁ ወይም ጭናችሁ ውሰዷት። ምን ሆና እንደቆመች የምታውቁትን ንገሯቸው፤ የማታውቁትን አትገምቱላቸው። ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎት፣ እጅዎ ይባረክ። የተረፈው የአቼቶ ጀሪካን እኔ ጋ ነው፤ ቅዳሜ አመጣዋለሁ።