የመጀመሪያው የውድድር ኳስ፦ ፖሊስተር፣ ዩሬቴን ወይስ ሪአክቲቭ?

ለቦውሊንግ ውድድር የራሱን ኳስ ሊገዛ የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ብዙ ስትራይክ (አስሩንም ፒን በአንድ ውርወራ መጣል) ያመጣል?» ብሎ ነው። እኔም የመጀመሪያ ኳሴን የገዛሁት ይህንኑ ጠይቄ ነው። ዛሬ ሰው ሲያማክረኝ ግን ከኳስ በፊት አንድ ስሌት አሳየዋለሁ። ሁለት ተጫዋቾች በጨዋታው አስሩም ፍሬም (ዙር) በመጀመሪያው ውርወራ 9 ፒን ጣሉ እንበል። አንዱ የቀረችውን ፒን በሁለተኛው ውርወራ ሁልጊዜ ይጥላል (ይህ ስፔር ይባላል፤ ቀጥሎ ያለው ውርወራ ፒኖችም ይደመሩለታል)፣ ሌላው ሁልጊዜ ይስታል። የመጀመሪያው አንድም ስትራይክ ሳይመታ 190 ያስመዘግባል፤ ሁለተኛው 90 ላይ ይቀራል። የ100 ነጥብ ልዩነት ያመጣው ሁለተኛው ውርወራ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ንጽጽር ስታነቡ ይህን ስሌት አትርሱት።

ሦስቱን ኳሶች የሚለያቸው የውጭ ሽፋናቸው ነው። ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን 60 ጫማ፣ ማለትም 18.29 ሜትር ነው። ኳሱ የሚሄድበት መንገድ የፊት ክፍሉ ዘይት ይቀባል፣ ወደ ፒኖቹ የሚጠጋው ግን ደረቅ ነው። ኳሱ ዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ደረቁ ላይ ሲደርስ ወለሉን ቆንጥጦ ይታጠፋል። ምን ያህል እንደሚቆነጥጥ የሚወስነው ሽፋኑ ነው።

ፖሊስተር ጠንካራና ልሙጥ ስለሆነ ወለሉን እምብዛም አይዝም፤ ዘይት በዛም አነሰ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከሦስቱ ርካሹም እሱ ነው። ድክመቱ ስትራይክ ላይ ይታያል፦ ኳስ ፒኖቹን በደንብ የሚበትነው በ6 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ ሲገባ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ኳስ ግን ከመንገዱ ጠርዝ ቢነሳ እንኳ 2 ዲግሪ አይሞላም።

ሪአክቲቭ ሬዚን ያንን ማዕዘን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ ሲወጣ የጨዋታውን መልክ ለወጠው፤ ትንሽ ከመሃል የሳተ ውርወራ ሳይቀር ስትራይክ እየሆነ ይመለስ ጀመር። ሽፋኑ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘይት ወደ ውስጥ ስለሚስቡ ወለሉን አጥብቆ ይይዛል። ሽፋኑ የመጠጠው ዘይት ግን እዚያው ይቀራል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የማይጸዳ ሪአክቲቭ ኳስ ጉልበቱ እየከዳው ይሄዳል፣ ባለቤቱ ደግሞ እጁን ይጠራጠራል።

ዩሬቴን በመካከላቸው ነው። ከሪአክቲቭ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ የመጣ ሲሆን፣ ቀደም ብሎ መታጠፍ ይጀምርና ለስለስ ባለ ቅስት ይጓዛል። ዘይቱ አጭር በሆነበት መንገድ ላይ በጣም ይታመናል። ዘይት ስለማይመጥ ግን ወደ ፊት እየገፋ ደረቁን ክፍል ይቀባዋል፣ ከሁለት ጨዋታ በኋላ መንገዱ የተለየ መንገድ ይሆናል። ለጀማሪ አልመክረውም። ዩሬቴን ሦስተኛ ኳስ ነው፤ መቼ እንደሚያስፈልጋችሁ ስታውቁ ትገዙታላችሁ።

እኔ የጀመርኩት በአንድ ኃይለኛ ሪአክቲቭ ብቻ ነበር። አንድ ምሽት የቡድን ግጥሚያ የመጨረሻው ፍሬም ላይ በቀኝ ጥግ 10 ቁጥር ፒን ብቻዋን ቆማ ቀረችልኝ። ቀኝ እጅ ስለሆንኩ ከግራ ተነስቼ አግድም ለቀቅኩት። ኳሱ ዘይቱ እስኪያልቅ ቀጥ ብሎ ወደ ፒኗ ሄደ፤ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ወደ ግራ ተጠምዝዞ ከፒኗ ጎን በጣት ስፋት አለፈ። ፒኗ ንቅንቅ አላለችም። በዚያ ምሽት አራተኛዋ ነበረች። ከእኔ ቀጥሎ የሚወረውረው ሰው አሮጌ ፖሊስተሩን ብድግ አድርጎ ያችኑ ፒን ሲጥላት አየሁ፤ የኳሱ ቀለም የደበዘዘ፣ ጠርዙ የተጫጫረ ነበር። በማግስቱ ፖሊስተር ገዛሁ።

ሻጮች በብዛት የሚያወሩት ኳሱ ውስጥ ስላለው ኮር፣ ማለትም ስለ ክብደቱ እምብርት ነው። ሲሜትሪክ (ቅርጹ የተመጣጠነ) ኮር ያለው ኳስ ጉዞውን ለመገመት ይቀላል፤ አሲሜትሪኩ (ያልተመጣጠነው) ደረቁ ላይ ሲደርስ በኃይል ይታጠፋል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ሆኖም የኳስን ጉዞ ከኮሩ ይልቅ የሽፋኑ ሻካራነት የበለጠ ይለውጠዋል። አንዱን ኳስ በ500 ቁጥር ማሻሻ (እንደ ብርጭቆ ወረቀት ባለ ሻካራ ጨርቅ) ብታሹት ቀድሞ ይይዛል፣ ብታወለውሉት ዘግይቶ ይታጠፋል። መካከለኛ ሲሜትሪክ ኳስና ጥቂት ማሻሻዎች ካሏችሁ ለአንድ ዓመት ይበቃችኋል።

አሁን ሰው ችላ የሚለው ግን እኔ ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ነገር፦ የጣት ቀዳዳው። ኳስ ለእጃችሁ ተለክቶ ካልተበሳ የትኛውም ሽፋን አያድናችሁም። የአውራ ጣቱ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ ኳሱ እንዳያመልጥ ትጨብጡታላችሁ፤ የተጨበጠ ኳስ ደግሞ ዘግይቶ ይለቀቃል፣ እጅም ይጠማዘዛል። ትክክለኛ ልክ የሚታወቀው ክንዳችሁን ዘና አድርጋችሁ ስታወዛውዙ ኳሱ ሳትጨብጡት እጃችሁ ላይ ሲቆይና አውራ ጣት ከሌሎቹ ቀድሞ ያለችግር ሲወጣ ነው። ጣት በጨዋታ መሃል ያብጣል፣ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ውስጥ የሚለጠፍና የሚላጥ ቴፕ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ክብደትን በተመለከተ ከፍተኛው 16 ፓውንድ ነው፤ 14 ወይም 15 ተመችቷችሁ ከወረወራችሁ ምንም አይጎድልባችሁም።

ያገለገለ ኳስ ርካሽ ነው፣ ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፦ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ለእጃችሁ እንደገና መበሳት አለባቸው፤ ይህን ወጪ ደምራችሁ ከአዲሱ ጋር አወዳድሩ። ሌላም አለ። የአሜሪካን ቦውሊንግ ሕግ የሚያወጣው የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ከነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክብደት ለማመጣጠን የሚበሳውን ተጨማሪ ቀዳዳ ከልክሏል። ጣት የማይገባበት ቀዳዳ ያለው ኳስ ሳይደፈን በእሱ ሕግ በሚመራ ውድድር ላይ አያገለግልም። እንደ አውስትራሊያዊው ተጫዋች ጄሰን ቤልሞንቴ በሁለት እጅ ያለ አውራ ጣት የምትወረውሩ ከሆነም የአውራ ጣት ቀዳዳ አታስበሱ። ከመክፈላችሁ በፊት የኳሱን ስም ኮንግረሱ ባጸደቃቸው ኳሶች ዝርዝር ላይ ፈልጉ።

ስለ አማካይ ነጥብ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ውድ ኳስ የሚገዛው በነጥቡ እንዲከበር ነውና። በተራ የመዝናኛ አዳራሽ ዘይቱ መሃል ላይ ይበዛል፣ ዳር ላይ ይሳሳል። ወደ ውጭ የሳተን ኳስ ደረቁ ይመልሰዋል፣ ወደ ውስጥ የሳተውን ዘይቱ ይይዘዋል። በዚያ ላይ ኃይለኛ ኳስ ሲጨመር ነጥብ ያብጣል። በስፖርት ንድፍ (ለውድድር በሚያገለግለው ከባድ የዘይት አቀባብ) ግን የመሃሉ ዘይት ከዳሩ ከሦስት እጥፍ አይበልጥም፤ ስህተት ስህተት ሆኖ ይቀራል። በውድድር ሰዎች ዘንድ እዚያ የተገኘ 190 አዳራሽ ውስጥ ከተገኘ 215 ይበልጥ ይታመናል። አሜሪካዊቷ ተጫዋች ኬሊ ኩሊክ እ.ኤ.አ. በ2010 በባለሙያዎቹ ውድድር በቱርናመንት ኦፍ ቻምፒየንስ ፍጻሜ ክሪስ ባርንስን 265 ለ195 ያሸነፈችው በጡንቻ አልነበረም፤ ኳሷን ደጋግማ አንድ ቦታ ላይ በማሳረፏ ነው።

ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ኳስ ብቻ ከበቃና ገና ቀጥ አድርጋችሁ የምትወረውሩ ከሆነ፣ በእጃችሁ ልክ የተበሳ ፖሊስተርና የራሳችሁን ጫማ ግዙ፤ የሚንሸራተተው እግር ሶሉ ለስላሳ፣ የሚገፋው ጎማ ይሁን። ኳስ ማጠፍ ከጀመራችሁ መካከለኛ ሲሜትሪክ ሪአክቲቭ ጨምሩ፣ ፖሊስተሩን ግን ለስፔር አትልቀቁት። በአንድ ውድ አሲሜትሪክና በሁለት ርካሽ ኳሶች መካከል ከዋለላችሁ ሁለቱን ውሰዱ። ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ ከልምምድ በኋላ ሂዱ፤ ጣታችሁ የሚለካው ሞቆ በጨዋታ መጠኑ ላይ ሳለ ነው።